ቤቷን ያለበሰችው ቢርካ

መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። መናኸሪያ ስገባ የተሳፈርኩበት መኪና ቶሎ ካልሞላ ወርጄ ሌላው ላይ እወጣለሁ፤ ያኔ የመጀመሪያው ሞልቶ ይሄዳል፣ እኔ ባዶው ውስጥ ቁጭ ብዬ እበሳጫለሁ። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ተረት አታበዛም፤ «አንተ ሲሠሩህ ጭቃህ ሳይደርቅ ያመለጥክ ነህ» ትለኛለች፣ በቃ።

እንዲህ ያለ ሰው ግንበኛ መሆኑ ያስቃል። ድንጋይ በጉልበት ይገፋል። ስሚንቶን ግን ተቆጥተህም ለምነህም ከጊዜው አታስቀድመውም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል እግዚአብሔር ይህን ሙያ የሰጠኝ፤ ሌላ አስተማሪ እንደማልሰማ ያውቃል።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሥራ ፍለጋ ከመሀል አገር ጅግጅጋ ገባሁ። ለአንድ ክረምት ብዬ ነበር፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀረሁ። መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ሱቅና መኖሪያ ቤት እሠራ ነበር፤ እየቆየሁ ወደ ሀርሺን በኩል ቢርካ መገንባት ያዝኩ። ቢርካ መሬት ተቆፍሮ በድንጋይና በስሚንቶ የሚገነባ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በዚያ ሜዳ ወንዝ የለም፤ ቆፍረህም ውሃ አታገኝም። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ እየተመራ ቢርካው ውስጥ ይገባል፣ ሰውም እንስሳም እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ በዚያ ይኖራል። ቢርካ ያለው ቤተሰብ አይሰደድም፤ የሌለው ግን ውሃ ያለበትን እየጠየቀ ከነልጆቹ ይዞራል።

ሴትዮዋን ያወቅኋት በባለቤቴ በኩል ነው። ባሏ የሞተባት፣ ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ለብዙ ዓመት ጨርቅ የሸጠች የሀርሺን ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋን የለመደችው እዚያው ገበያው ውስጥ ከደንበኞቿ ጋር እየተከራከረች ነው። ባለቤቴ «ኤዶ» ትላታለች፣ አክስቴ እንደማለት። እኔ በእድሜዋ አክብሬ «እርስዎ» ስላት ዞር ዞር ብላ አየችና «ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። በሶማልኛ አንቱታ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኔም ኤዶ ሆነች፣ አንቺ እላታለሁ፤ እሷም ደስ ይላታል።

አንድ ቀን ቤታችን መጥታ፣ ገና ሳትቀመጥ «ቢርካ ትሠራልኛለህ» አለችኝ።

«በምን አቅም ኤዶ?»

«በግመሎቼ። ሸጥኳቸው።»

አንዲት እርጉዝ ግመል ብቻ አስቀርታ ሌላውን ሁሉ ሸጣለች። ወንድሞቿ አብደሻል ብለዋታል። «ግመል በእግሩ ሄዶ ውሃ ያገኛል፣ ጉድጓድ ግን የትም አይሄድልሽም» ብለው መክረዋት ነበር። አልሰማቻቸውም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ድምፅዋን ሳታነሳ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ድርቅ ግመሎቹን እየነዱ ውሃ ፍለጋ ሲሰደዱ ትንሿ ልጇ መንገድ ላይ ሞታባታለች። የቀበረቻት ስም በሌለው ሜዳ ነው፤ ተመልሳ ብትሄድ መቃብሩን አታገኘውም። «ሁለተኛ ለውሃ ብዬ ከቤቴ አልወጣም» አለችኝ። ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኔም እሺ አልኩ፣ ምን እላለሁ።

የግመሎቹ ዋጋ ወደ ድንጋይና ስሚንቶ ተለወጠ። ቆፋሪዎች ቆፈሩ፣ እኔ ገነባሁ። ውሃው ከጅግጅጋ በቦቴ እየመጣ በበርሜል ይቀመጥ ነበር። ጉ የሚሉት የበልግ ዝናባቸው መግቢያው ሲደርስ ልስኑን እንድጨርስ አድርጌ ነው ያሰብኩት። እኔ እጨርሳለሁ፣ ዝናቡ ይገባል፣ ልስኑም ውሃውን ይጠጣል፤ ስሌቴ እንከን አልነበረውም። በሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ የመጨረሻውን ግድግዳ ለስኜ የግንበኛ ማንኪያዬን አጠብኩ። ሠራተኞቹን አሰናበትኩና ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁ። እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ነበር።

ስሚንቶን የማያውቅ ሰው ፀሐይ የሚያጠነክረው ይመስለዋል። የሚያጠነክረው ውሃ ነው። አዲስ ልስን ጠዋትና ማታ ውሃ ካልጠጣ ይነጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቢርካ ደግሞ ዝናቡን ሁሉ ተቀብሎ ለመሬቱ ያስረክባል። ስለዚህ ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ ግድግዳውን ማጠጣት ነበረብን፤ ለሌላ ቦቴ የሚከፈል ገንዘብ ስላልቀረ፣ የምናጠጣውም ሰው ከሚጠጣው በርሜል እየቀዳን ነው። ኤዶ በርሜሎቹን ለየቻቸው፤ ይሄ የሰውና የፍየል፣ ያ የቢርካው።

ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ በጣሳ እየቀዳች ግድግዳውን ሕፃን እንደምታጥብ ቀስ አድርጋ ታረጥበዋለች። ፍየሎቹ ከላይ ሆነው አንገታቸውን እየሰገጉ የእርጥቡን ጠርዝ ይልሳሉ። አብሯት የሚኖር አንድ ትልቅ ልጅ አላት፣ የኔ እኩያ የሚሆን ዝምተኛ ሰው፤ ፍየሎቹንና ያቺን እርጉዝ ግመል የሚጠብቀው እሱ ነው። «እናቴ ድንጋይ ታጠጣለች፣ ግመሌ ምራቋን ትውጣለች» ብሎኝ ሄደ።

እኔ መሄድ እችል ነበር። ሥራዬ አልቋል። ግን ስንጥቅ ብቅ ሲል በቀጭን ስሚንቶ ወዲያው የሚደፍን ሰው ያስፈልጋል፣ በዚያ ሜዳ ደግሞ ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። ለጥቂት ቀን ብዬ ቀረሁ። ጥቂቱ ቀን ረዘመ። በየማለዳው ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ ሰማዩን አያለሁ፣ ከዚያ ኤዶን እነዘንዛለሁ።

«ኤዶ፣ ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሲመጣ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ!»

«ካወቅህ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

አንድ ቀን የሀርሺን ሰው ለዝናብ ጸሎት ሜዳ ወጣ። እሷም ሄደች። ስትመለስ ሻሿን ገልብጣ ነው የለበሰችው፤ በዚያ ጸሎት ልብስ ይገለበጣል፣ ጌታ ሆይ ያለንበትን ነገር ገልብጥልን እንደማለት ነው። እኔ ተናድጄ ስለነበር «ሰማዩ ግን አልተገለበጠም» አልኳት። ክፉ አፍ አለኝ አንዳንዴ። እሷ አልተቀየመችም። «ሰማዩን ልገለብጥ አይደለም የሄድኩት» አለች። «የኔ ልብ ነው ወደ መፍራት እየዞረብኝ ያለው፤ እሱ ይመለስልኝ ብዬ ነው።» ኤዶ የምትፈራ ሰው መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ጨርሶ የማትፈራ ትመስለኝ ነበር፣ በዚህም ትንሽ ተናድጄባት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አሳዘነችኝ፣ ወደድኳትም።

የቢርካው ውሃ አንድ በርሜል ብቻ ሲቀር እንግዶች መጡ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ልጆችም አሏቸው፤ ቤታቸውን አፍርሰው በግመል ጭነው ከሩቅ የተነሡ። የነበሩበት ቦታ ውሃ አልቋል። ትንሹ ልጅ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ዓይኑን ገልጦ ያየናል፣ ግን አያለቅስም። በውሃ ጥም የሚያለቅስ ልጅ ይሻላል፤ የማያለቅሰው ነው የሚያስፈራው። ኤዶ ጣሳዋን ይዛ ተነሣች። የሰው በርሜል ጠዋት ስለተሟጠጠ በቀጥታ ወደ ቢርካው በርሜል ሄደች። እኔ ሮጬ ቀደምኳትና ክዳኑ ላይ እጄን አደረግሁ።

«ኤዶ፣ ለልጆቹ እሺ ስጪ፣ ለግመሎቹ ግን አይሆንም። ይሄ ከሄደ ነገ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ልፋትሽ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ቢርካውን ለምን ሠራሁት?» አለችኝ።

እጄ ክዳኑ ላይ እንዳለ ነው።

«መንገድ ላይ ያለ ልጅ ውሃ እንዲያገኝ። ታዲያ ልጁ ከዝናቡ ቀድሞ ከመጣ ምን ልበለው? ቢርካዬ አላለቀም፣ ሌላ ጊዜ ና?»

እጄን አነሣሁ። ልጆቹ ጠጡ፣ እናትና አባት ጠጡ፣ ጭነት ተሸክመው ዳገት የማይወጡ እስኪመስሉ የከሱት ግመሎች ጠጡ። በበርሜሉ ወገብ ላይ የነበረው ውሃ ወደ መቀመጫው ወረደ። እንግዶቹ ከአጥሩ ውጭ ጥላ ፈልገው አረፉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በፀሐይ በኩል ያለው ግድግዳ መንጣት ጀመረ። ወርጄ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ይሞቃል። ማዕዘኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ታዩኝ። ወጥቼ የማየውን ነገርኳት፤ ማባበል አልችልበትም። «ከተማ ቢሆን ኖሮ ጆንያ አርሰን እናለብሰው ነበር፣ ጥቂት ውሃ ይበቃው ነበር። እዚህ ጆንያ ከየት ይመጣል?» አልኳት። የጸሎት ሰዓቷ ደርሶ ነበር፤ ሰገደች፣ ከስግደቷ በኋላም ግንባሯን መሬት ላይ እንዳደረገች ቆየች። ተነሥታ ልብሷን አራገፈችና ወደ ቤቷ ሄደች። ቤቷ የዘላን ቤት ነው፤ የታጠፉ እንጨቶች ተተክለው ከላይ በሣር የተሠራ ወፍራም ሰሌን ይለብሳል። የመጀመሪያውን ሰሌን ገመድ መፍታት ጀመረች።

ልጇ ጮኸ። ሶማልኛዬ ብዙ ባይሆንም ያለውን ሰምቻለሁ፤ ግመሎቹ ሄዱ፣ ውሃው ሄደ፣ አሁን ደግሞ ቤቱ? እሷ ሰሌኑን እየጎተተች ወደኔ ዞረች።

«ጆንያ ከሌለ ሰሌን አይሆንም?»

ይሆናል። እንዴት አይሆንም። ሄጄ ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። በርሜሉ ሥር የቀረውን ውሃ በእፍኝ እየረጨን ሰሌኖቹን በግድግዳው ላይ አለበስናቸው። ልጇም እየተነጫነጨ መጣና ከባዱን ተሸከመ። የአንዲት ሴት ቤት ግን ስንቱን ያለብሳል? አንዱን ጎንና የሌላውን ግማሽ ሸፍኖ አለቀ። ሦስታችንም ባዶውን ግድግዳ እያየን ቆምን።

ያኔ እንግዳው ሰውዬ ከአጥሩ ውጭ ተነሣ። ከግመሉ ጎን ያወረደውን ጭነት ፈታ፤ የራሱ ቤት ሰሌኖች ናቸው። ሚስቱ አንዱን በራሷ ተሸክማ መጣች፣ ልጆቹም እየጎተቱ ተከተሉ። በርሜሉን ለግመሎች አታፍስሺ ብዬ የተከራከርኩት እኔ፣ እነዚያው ግመሎች ተሸክመው ያመጡት ሰሌን ግድግዳዬን ሲያለብስ አየሁ። ኤዶ ምነው አላልኩህም አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ቤተሰብ ጣሪያ አልነበረውም። እንግዶቹ ሰሌናቸውን ትተው መሄድ አይችሉም፣ እንሂድም አላሉም። የነሱ ግመል ወተት ነበራት፤ ለሁሉም አካፈሉ፣ ለኔም አቀረቡልኝ። በጾም ወተት እንደማልጠጣ ስነግራቸው ሴትየዋ ከልቧ አዘነችልኝ፤ ለኔ ደረቅ ዳቦና ሻይ እንጂ ሌላ አልነበረም። ውሃ በአህያ ከሩቅ ቢርካ እየተለመነ ይመጣል፤ ከሱ ላይ ትንሽ ለሰሌኖቹ እንረጫለን። እኔ ጠዋት ሰሌኑን እየገለጥኩ ስንጥቅ እፈልጋለሁ፣ የተገኘውን እደፍናለሁ፣ መልሼ አለብሳለሁ።

በሕማማት ሐሙስ ወደ ጅግጅጋ የሚመለስ የጭነት መኪና በአጠገባችን አለፈ። ሾፌሩ የማውቀው ነው፤ ከባለቤቴ መልእክት ይዞልኛል። «ዶሮው ተገዝቷል፣ ባለቤቱስ? ብላሃለች» አለኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ እግሬን መኪናው መወጣጫ ላይ አድርጌ ነበር። ልጆቼ ፊቴ ላይ መጡ። ዘወር ብዬ ሳይ ኤዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። ሂድም ቅርም አላለችም፤ በእጇ ጣሳዋን ይዛለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋለች። ቦርሳዬን አወረድኩ።

«ሌላ መኪና መቼ ይኖራል?» አለ ሾፌሩ።

«እግዜር ያውቃል» አልኩት። ከኔ አፍ መውጣቱ ራሴን ገረመኝ።

አቧራው ከጠፋ በኋላ ግን ሆድ ባሰኝ። ከግመሎቹ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ ጸሎት ይሁን ጠብ የማላውቀውን ነገር ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገርኩ። የኔን ፋሲካ ተወው፣ አልኩት፣ እኔ ለመድኩህ። እሷ ግን ልጇን ሰጥታሃለች። ምን ትጠብቃለህ?

ዓርብ ስቅለት ነው። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ሜዳ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ከጠዋት ጀምሮ ስሰግድ ዋልኩ። የእንግዳው ልጆች ዙሪያዬን ተቀምጠው ይቆጥሩልኝ ነበር፣ ኤዶ መጥታ አባረረቻቸው። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም። ቀትር ላይ በደቡብ በኩል ደመና ቆመ። ማንም ስለሱ አልተናገረም፤ ብዙ ደመና ቆሞ ሲሄድ አይተናል። ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ሲያመጣ ግን ግመሎቹ ሁሉ አንገታቸውን አዞሩ።

ዝናቡ ቀስ ብሎ አልጀመረም። እንደ ተገለበጠ በርሜል ነው የወረደው። እኛ ደግሞ ጣሪያ የለንም! ሁለቱም ቤት ቢርካው ውስጥ ነው። ልጆቹ እየጮኹ ይሯሯጣሉ፣ እናታቸው ዕቃዋን በምን እንደምትሸፍን ግራ ገብቷታል፣ የኤዶ ልጅ ጎርፉ የሚገባበትን ቦይ በእጁ ይጠርጋል። እኔና እንግዳው ሰሌኖቹን ጎትተን አወጣን። ኤዶ ባዶ በቀረው ቤቷ እንጨት ሥር ቁጭ ብላ፣ ውሃው ከራሷ እስከ እግሯ እየወረደባት ትስቃለች። «አየህ!» ትለኛለች፣ «ጣሪያ ሲኖረኝ አልመጣም፣ ጣሪያ የሌለኝን ቀን ጠብቆ መጣ!» እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ቀይ ጎርፍ እያጓራ ገባ። ሲያባራ ቢርካው ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ሁሉም ሰው ያየው ውሃውን ነው፣ እኔ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ውሃው በደረሰበት ልክ በከሰል ምልክት አደረግሁና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ያን ምልክት እያየሁ ዓይኔን አልነቀልኩም። ውሃው ከከሰሉ ዝቅ አላለም።

«ያዘ» አልኳት።

ኤዶ ወርዳ ጣሳዋን ሞላችና አመጣችልኝ። «የሠራው ሰው ይቅመስ» አለች። ከንፈሬ ደርቆ ተጣብቋል፤ ጣሳውን እንዳየሁ ጉሮሮዬ ተንቀሳቀሰ።

«ኤዶ፣ ዛሬ አልችልም። ጌታችን የተሰቀለበት ቀን ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃም አልቀምስም። እናንተ ጠጡ።»

ፀሐይዋን አየች። ጣሳውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና በሰሌን ቁራጭ ከደነችው። ልጇ እጁን ሲዘረጋ እጁን መታችው። «እሱ ሳይጠጣ ማንም ከዚህ ቢርካ አይጠጣም» አለች። ልጆቹ በድስትና በጀሪካን ከሰማይ የተቀበሉትን ጠጡ፤ ትልልቆቹ ግን ከኔ ጋር ተቀመጡ። ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቀች ሴት፣ ውሃው እግሯ ሥር ሆኖ፣ ለኔ ጾም ብላ ደግሞ ጠበቀች። ስለ ፋሲካው ከተጠየቅሁ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ አልደረስኩም፤ ዶሮውን ማክሰኞ በላሁ፣ ባለቤቴም የሆነውን ስትሰማ ተቆጥታ መጨረስ አልቻለችም።

ፀሐይ ጠለቀች። እሷ የምሽት ሶላቷን ሰገደች፣ እኔ የመጨረሻዬን ስግደት ሰገድኩ። መጥታ የጣሳውን ክዳን አነሣች። ጭቃው ሁሉ ወርዶ ሥሩ ላይ ተኝቷል፣ ከላዩ ያለው ውሃ ኩልል ብሏል።

«ቀን ብትጠጣው ጭቃ ነበር» አለችኝ።

ጠጣሁና ጣሳውን ሰጠኋት። እሷ ግን ወዲያው አልጠጣችም። በሁለት እጇ ይዛው ቆየች፤ ከዚያ መንገድ ላይ የቀበረቻትን ልጇን ስሟን ጠርታ፣ ጠጣች።